አንድ ሳምንት፥ አንድ ትምህርት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ በአማርኛም በትግርኛም ስለሚነገር፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማው ሰው በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ምሳሌን በአፍ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በሥራ መፈጸም ግን ሌላ ነው። እኛ ይህን ልዩነት የተረዳነው ከመምህር ወይም ከመጽሐፍ አይደለም። ከቢሮ ሥራ በኋላ አእምሮአችንን ለማሳረፍ ብለን በጀመርነው በአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ምክንያት ነው። ነገሩ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ስለ መሰለን፥ ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው ልናቀርበው ወደድን።

ጨዋታው ሃትሪክ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በስዊድን አገር ብዮርን ሆልሜር በተባለ ሰው ተጀመረ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት ይጫወቱታል። በዚህ ጨዋታ ኳስ የሚመታ እግር፥ የሚሮጥም ሰው የለም። እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ክለብ ይሰጠዋል፤ እርሱም የክለቡ አስተዳዳሪ ሆኖ ተጫዋቾችን ይገዛል፥ ይሸጣል፥ ያሠለጥናል፥ ለግጥሚያም ያሰልፋል። ግጥሚያውን የሚያካሂደው ኮምፒዩተሩ ሲሆን፥ አስተዳዳሪው የጨዋታውን ሂደት በጽሑፍ ይከታተላል። ለመጫወት ገንዘብ አይጠየቅም። ከፍለው ተጨማሪ አገልግሎት የሚያገኙ ሰዎች ቢኖሩም፥ ክፍያቸው በሜዳ ላይ ብልጫ አያስገኝላቸውም። ስለዚህ ሰዎች የሚበላለጡት በኪሳቸው ሳይሆን በዕቅዳቸውና በትዕግሥታቸው ነው።

ትዕግሥት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሃትሪክ ሳምንት እንደ እኛው ሳምንት 7 ቀን ነው። በአንድ ምድብ 8 ክለቦች ይገኛሉ፤ እርስ በርሳቸውም እየተገናኙ 14 ግጥሚያ ያደርጋሉ። አንዱ የውድድር ዘመን 16 ሳምንት ይፈጃል። በእነዚህ 16 ሳምንታት ውስጥ፥ ማለት በ112 ቀን፥ አንድ ተጫዋች የአንድ ዓመት ዕድሜ ይጨምራል። እኛ አንድ ዓመት ስናረጅ እርሱ ከሦስት ዓመት በላይ ያረጃል ማለት ነው። እንግዲህ አስተዳዳሪው የሚሠራው ሁለት ልዩ ልዩ ሰዓቶችን እየተመለከተ ነው። ሥልጠናው በዝግታ ይጓዛል፤ የልጁ ዕድሜ ግን ይሮጣል።

ችሎታና መለኪያው

አንድ ተጫዋች 8 ችሎታዎች አሉት። እነርሱም ብርታት፥ ግብ መጠበቅ፥ መከላከል፥ ጨዋታን ማቀናጀት፥ የክንፍ ጨዋታ፥ ኳስ ማቀበል፥ ግብ ማግባትና የቆመ ኳስ መምታት ናቸው። ብርታት ስንል ተጫዋቹ 90 ደቂቃ ሙሉ ሳይደክም ለመጫወት ያለው ዐቅም ነው። የቆመ ኳስ መምታት ለቅጣት ምትና ለፍጹም ቅጣት ምት ያገለግላል። ጨዋታን ማቀናጀት የሚባለው ደግሞ የመካከለኛው ሜዳ ተጫዋች ኳሱን ይዞ የጓደኞቹን እንቅስቃሴ የሚመራበት ጥበብ ነው። በሃትሪክ ኳሱን አብዝቶ የሚይዘው ወገን በይበልጥ የሚታወቀው በዚህ ችሎታ ስለ ሆነ፥ ብዙ ክለቦች ከሁሉ አስቀድመው ይፈልጉታል።

የችሎታው መጠን ከ0 እስከ 20 ድረስ በደረጃ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም ደረጃ ስም ተሰጥቶታል። ስሞቹን ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው፥ መነሻው «ፈጽሞ የሌለ» ይባላል፤ 4ኛው «ደካማ»፥ 6ኛው «ደኅና»፥ 8ኛው «እጅግ መልካም»፥ 17ኛው «ተረት የሚመስል» እያለ ይሄድና በ20ኛው ላይ «መለኮታዊ» በሚለው ይፈጸማል። ሰውን በችሎታው ለመግለጽ ቃል የሚያጥረው ሰው ቢኖር፥ ይህን መሰላል ቢያጠና ይጠቀማል።

በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው መንገድ ግን ለዓይን አይታይም። ልጁ «ደኅና» ከሆነ፥ ትናንት «ደኅና» የሆነም ይሁን ነገ «ጠንካራ» ወደሚባለው ወደ 7ኛው ደረጃ የሚወጣ፥ በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ያው አንድ ቃል ነው። ነገሩ እንስራ ከመሙላት ጋር ይመሳሰላል። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ባዶው እንስራና ሊሞላ አንድ ጣሳ የቀረው እንስራ ልዩነት የላቸውም። ውሃ የሚቀዳው ሰው ቈጥሮ ካልያዘ በቀር፥ ምን ያህል እንደ ቀረው ሊያውቅ አይችልም።

የቦታ ሒሳብ

የሥልጠናው ሕግ አጭር ነው። አስተዳዳሪው ለአንድ ሳምንት አንድ የሥልጠና ዓይነት ብቻ ይመርጣል። በዚያ ሳምንት የሚሠለጥኑት ደግሞ ከትምህርቱ ጋር በተያያዘው ቦታ ላይ የተጫወቱት ናቸው። ለምሳሌ የሳምንቱ ትምህርት ግብ ማግባት ከሆነ፥ በግጥሚያው አጥቂ ሆነው የተሰለፉት ሙሉ ትምህርት ያገኛሉ፤ በረኛውና ተከላካዮቹ ግን በዚያ ሳምንት የሚያገኙት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሙሉ ትምህርት ለማግኘት 90 ደቂቃ መጫወት ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የተጫወተ ሰው ግን ከ90 ደቂቃ በላይ አይቈጠርለትም።

በሳምንት ሁለት ግጥሚያዎች አሉ። አንዱ ቅዳሜና እሑድ የሚደረገው የምድብ ግጥሚያ ነው፤ ሁለተኛው በሳምንቱ መካከል የሚደረገው የዋንጫ ወይም የወዳጅነት ግጥሚያ ነው። ብልኅ አስተዳዳሪ በሁለቱ ግጥሚያዎች ልዩ ልዩ ልጆችን ያሰልፋል፤ በዚህም አንዱን ቦታ ሁለት ልጆች ይማሩበታል።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአንድ ግጥሚያ የሚሰለፈው በረኛ 1 ነው፤ ስለዚህ ግብ መጠበቅን የሚያሠለጥን ክለብ በሳምንት 2 ልጆች ብቻ ያስተምራል። አጥቂዎች እስከ 3 ሊሰለፉ ስለሚችሉ፥ ግብ ማግባትን የሚያስተምር 6 ያደርሳል። ጨዋታን ማቀናጀት የሚያስተምርም በሜዳው መካከል 3 ተጫዋቾችን ቢያቆም እንዲሁ 6 ልጆች ያገኛል፤ የክንፍ ተጫዋቾቹም ግማሽ ትምህርት ያገኛሉ። ተከላካዮች ግን እስከ 5 ሊሰለፉ ስለሚችሉ፥ መከላከልን የመረጠ ክለብ በሳምንት 10 ልጆችን ሊያስተምር ይችላል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «እንግዲያስ መከላከል ይሻላል» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ችሎታዎቹ እኩል ፍጥነት የላቸውም። የቆመ ኳስ መምታት ከሁሉ ፈጥኖ ይያዛል፤ በረኛም ከተከላካይ ይልቅ ቶሎ ያድጋል። መከላከል ግን ዝግ ይላል። ብዙዎችን በዝግታ፥ ወይም ጥቂቶችን በፍጥነት፤ ምርጫው ይህ ነው። ሁለቱን አንድነት ላግኝ ለሚል ሰው ጨዋታው መንገድ አላዘጋጀለትም።

ሌላም ችግር አለ። በትምህርቱ ቦታ ላይ የሚሰለፉት ልጆች ገና 17 ዓመታቸው ስለ ሆነ፥ ከበሰሉት ተጫዋቾች ጋር ሲጋጠሙ ይሸነፋሉ። ልጆቹን ትተን የበሰሉትን ብናሰልፍ ዛሬ እናሸንፋለን፤ ነገር ግን የዛሬው ሳምንት ትምህርት ባክኖ ይቀራል። 5 ተከላካዮች ወይም 3 አጥቂዎች ማሰለፍም ዋጋ አለው፤ ቡድኑ ያልለመደውን አሰላለፍ ሲጫወት ሥርዓቱ ሊፈርስበት ይችላልና። ስለዚህ አስተዳዳሪው በየሳምንቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የዛሬው ድል ወይስ የነገው ተጫዋች የሚል ነው።

ፍጥነቱን የሚወስኑት ነገሮች

ሁለት ክለቦች አንድ ዓይነት ትምህርት ቢያስተምሩም እኩል ፍሬ አያገኙም። የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜ ነው። የ17 ዓመት ልጅ በጥቂት ሳምንታት የሚጨርሰውን ደረጃ፥ የ25 ዓመት ሰው በብዙ ድካም ይደርስበታል። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ያለውን ችሎታ ጠብቆ መቈየት ራሱ ይከብዳል። ሁለተኛው ልጁ የደረሰበት ደረጃ ነው፤ ከፍ ባለ ቍጥር የሚቀጥለው ደረጃ ይርቃል። ሦስተኛው የአሠልጣኙና የረዳት አሠልጣኞቹ ችሎታ ነው። አራተኛው አስተዳዳሪው የሚወስነው የሥልጠናው ኀይልና ከዚያ ውስጥ ለብርታት የሚመደበው ድርሻ ነው። ለብርታት ብዙ ቢመደብ ለዋናው ትምህርት ይጐድላል፤ ፈጽሞ ቢጐድል ደግሞ ልጆቹ በግጥሚያው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ከነዚህ ሁሉ መካከል በገንዘብ የማይገዛው ዕድሜ ብቻ ነው። የተሻለ አሠልጣኝ ሊቀጠር ይችላል፤ ረዳቶችም ይጨመራሉ። ያለፈ ሳምንት ግን አይመለስም።

የራሳችን ስሕተት

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ሁሉ እኛ በጨዋታው መጀመሪያ ዘመን አንብበን ነበር። ነገር ግን አንብቦ መረዳት ብቻውን አይበቃም።

ከታዳጊዎች ቡድናችን አንድ የ17 ዓመት ልጅ ወጣ። ጨዋታን በማቀናጀት ረገድ «ደኅና» ነበር። ሥልጠናውን በዚህ ችሎታ ላይ አድርገን በየሳምንቱ ሳናቋርጥ አሰለፍነው። በአምስተኛው ሳምንት ላይ «ጠንካራ» ሆነ። ደስ ብሎን ለቤተ ሰቡ ሁሉ አወራን። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አምስት ሳምንት አለፈ፤ በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ያው «ጠንካራ» ነበር። በዚሁ መካከል ቡድናችን ሦስት ግጥሚያዎችን ተከታትሎ ተሸነፈ፤ ብዙ ግብም ገባበት።

ያን ጊዜ የእኅታችን ልጅ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር፤ ዛሬም ከእኛው ጋር ነው። ጨዋታውን መጀመሪያ ያሳየን እርሱ ነው። በልማዳችን የእናት ወንድም «አኮይ» ተብሎ ይጠራልና፥ እርሱም እንዲሁ ይጠራናል። በዚያች ማታ ሥልጠናውን ወደ መከላከል ልንለውጥ ስንል አጠገባችን ቆሞ ነበር።

«አኮይ፥ ለምን ይለውጡታል?» አለን።

«ልጁ ሰነፈ። ተከላካዮቻችንም ደካሞች ናቸው» አልነው።

«ልጁ አልሰነፈም፤ አይታይም እንጂ እየሄደ ነው። ትንሽ ቢታገሡ» አለን።

እኛ ግን የዕድሜውን ማነስ እንጂ የነገሩን እውነት አልተመለከትንም። ሥልጠናውን ለወጥን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አጥቂዎቻችን ግብ አላገባ አሉን፤ ሥልጠናውን ወደ ግብ ማግባት አዞርነው። ተከላካዮቹ ጀምረው ሳይጨርሱ ቀሩ፤ አጥቂዎቹም ገና ጀማሪዎች ነበሩ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐሳባችንን ለውጠን፥ በሁለቱም ያፈራነው አልነበረም። ያ ልጅ በመካከለኛው ሜዳ ላይ እየተሰለፈ ምንም የረባ ነገር ሳይማር የውድድር ዘመኑ ግማሽ አለፈበት። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጠን በሐራጅ ሸጥነው። ፖላንድ አገር ያለ አንድ ክለብ ገዛው።

የተጫዋችን ሁኔታ ከተሸጠ በኋላም መከታተል ይቻላል። አዲሱ ጌታው በገዛው በመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታን ማቀናጀት አሠለጠነው፤ በዚያው ሳምንት ልጁ «እጅግ መልካም» ወደሚባለው ደረጃ ወጣ። እንስራው ሊሞላ የቀረው አንድ ጣሳ ብቻ ነበር። ውሃውን የቀዳነው እኛ ነን፤ የጠጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ለእኛ የቀረን ከግማሽ የውድድር ዘመን የባከነው ዕድሜና የቸኮለ ሰው ዋጋ ነው።

ያ ሰው ልጁን ሁለት የውድድር ዘመን አሠልጥኖ ከገዛበት ብዙ ዕጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ሸጠው። በጨዋታው ሕግ ተጫዋቹ በተሸጠ ቍጥር መጀመሪያ ላፈራው ክለብ ትንሽ ድርሻ ይደርሰዋል። ይህ ድርሻ ወደ ሣጥናችን በገባበት ቀን፥ ገንዘቡ ከሰጠን ደስታ ይልቅ ያመጣብን ኀፍረት በለጠ።

አሁን የምንከተለው ሥርዓት

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለመናገር እንወዳለን፤ ለጀማሪ ይጠቅመዋልና። አስቀድመን አንድ ችሎታ መረጥን፤ ይኸውም ጨዋታን ማቀናጀት ነው። ለሦስት የውድድር ዘመናት እንደማንለውጠው በደብተር ላይ ጻፍን። ሁለተኛ፥ ዕድሜአቸው 17 እና 18 የሆኑ 6 ልጆች ለይተን ሦስቱን በምድብ ግጥሚያ፥ ሦስቱን በወዳጅነት ግጥሚያ እናሰልፋለን። ከስድስቱ በላይ አንይዝም፤ ሰባተኛው ልጅ ምንም ያህል ተስፋ ያለው ቢሆን ቦታ የለውምና ለሌላ ክለብ እንለቀዋለን። ሦስተኛ፥ በቀሩት ቦታዎች የበሰሉና ደመወዛቸው ያልከበደ ተጫዋቾችን ገዝተን አቆምን፤ እነርሱ ዕለታዊውን ሥራ ይሠራሉ፥ ልጆቹም ይማራሉ።

አራተኛ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ ላይ አንድ ረድፍ ሰጥተን፥ ሙሉ 90 ደቂቃ በተማረ ቍጥር አንድ ጭረት እናደርግለታለን። ደረጃ ሲወጣ ቀኑን እንጽፍና ጭረቱን እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በችኮላና በእኛ መካከል የቆመው አጥር ይህ ነው። ስድስት ጭረት ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ለማለት አንደፍርም፤ ስድስት ጊዜ እንደ ተማረ በዓይናችን እናያለንና።

አምስተኛ፥ ስንሸነፍ በዚያች ማታ ምንም ዓይነት ለውጥ አናደርግም። ጧት እስኪሆን እንቈያለን። ጧት ሲሆን ለውጡ አስፈላጊ መስሎ የታየን ጊዜ እስከ ዛሬ የለም።

ይህን ሥርዓት ከያዝን ወዲህ ሻምፒዮን አልሆንም፤ ከምድባችንም አንድ ጊዜ ወደ ታች ወርደናል። ነገር ግን ከስድስቱ ልጆች አራቱ «እጅግ መልካም» ከሚባለው ደረጃ አልፈዋል። የወረድነውን ደረጃ መልሰን እንደምንወጣ ጥርጥር የለንም፤ የሚያወጡን ልጆች በእጃችን ናቸውና።

የቤታችን ነገር

ጽሑፋችንን ከመደምደማችን በፊት አንድ ነገር እንጨምራለን። ያንን የጭረት ደብተር የጀመርን ዕለት የእኅታችን ልጅ መጥቶ ተመለከተው። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፥ «አኮይ፥ የእኔን ረድፍም ይጨምሩልኝ» አለ። በሣቅ የተናገረው ቃል ነበር፤ እኛ ግን ሣቅ አልመጣልንም።

ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ ወዲህ ያደረግንበትን አሰብን። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ያስፈልግሃል ብለን የማታ ትምህርት አስገባነው። ሁለት ወር ሳይሞላው፥ በመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ያዦች እንደሚፈለጉ ሰምተን ወደ ሒሳብ አያያዝ አዞርነው። ከዚያም አንድ ወዳጃችን የኮምፒዩተር ጥገና ገንዘብ ያስገኛል ስላለን፥ ያንን አስጥለን ወደዚህ ወሰድነው። እርሱም ስለሚያከብረን አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አላለም። በየደረሰበት «ገና አልገባህምን?» እያልን የወቀስነው እኛው ነን። በሃትሪክ ያባከንነው የአንድ የሐሳብ ልጅ ስምንት ሳምንት ነው። በቤታችን ያባከንነው ግን የአንድ እውነተኛ ልጅ ዓመት ነበር።

በማግስቱ አስቀምጠን፥ «ከሦስቱ የትኛውን ትወዳለህ?» ብለን ጠየቅነው። ከዚያ በፊት ይህን ጥያቄ አቅርበንለት አናውቅም ነበር። «ሒሳብ አያያዝ» ብሎ መለሰ። ወደዚያው መለስነው፤ አሁን ስምንተኛ ወሩ ነው። ፈተናው ከሁለት ወር በኋላ ይሆናል። እስከ ዛሬ ያመጣልን ወረቀት የለም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በየማታው መብራቱ ሲበራ እናያለን፤ ለጊዜው የሚበቃን ምልክት ይህ ነው።

እንግዲህ ልጆች የምታሳድጉ፥ ሠራተኞች የምታሠለጥኑ፥ ወይም እናንተው ራሳችሁ አዲስ ነገር የምትማሩ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ አንድ ትምህርት ምረጡ፤ የተማራችሁበትንም ቀን ሁሉ በደብተር ላይ ጭረት አድርጉበት። ፍሬው ባልታየ ጊዜ ትምህርቱን ከመለወጣችሁ በፊት ጭረቱን ቍጠሩ። እኛም ይህን ጽሑፍ ጨርሰን ደብተራችንን ስንከፍት፥ ለታናሹ ልጅ አምስተኛውን ጭረት የምናደርግበት ቀን ዛሬ ነው።